ርካሽ የ“አርም” ላፕቶፕ ላይ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጫን?

ባለፈው ክረምት ከቨርጂኒያ የመጣ አንድ ዘመዳችን ለእህቴ ልጅ በሻንጣው ሸጉጦ ያመጣላት ስጦታ አንድ ስስ ጥቁር ላፕቶፕ ነበር፡፡ ልጅቱ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ጊዜ ተቃርቦ ስለነበር ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፡፡ በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፋ ቤቴ መጣችና “ጋሼ፣ ይኼ ነገር ዊንዶውስ የለውም፤ እባክዎ ይጫኑልኝና ፒችትሪና ኤስፒኤስኤስ ላስገባበት” አለችኝ፡፡

ከፍቼ የማሽኑን ዝርዝር ስመለከት ፕሮሰሰሩ ሮክቺፕ አርኬ3399 ይላል፡፡ ዜናው ለእሷ ጥሩ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ፡፡ ላፕቶፑ ፓይንቡክ ፕሮ ይባላል፤ ፓይን64 የተባለው ድርጅት በ2019 በ199 ዶላር ለገበያ ያወጣው፣ 14 ኢንች ስክሪን፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ማሽን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ለዚህ ማሽን የተዘጋጀ ዊንዶውስ የለም፡፡ ዊንዶውስ ከሌለ ደግሞ ፒችትሪ የለም፡፡ ኤስፒኤስኤስም ለዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር በሊኑክስ አይቀርብም፡፡

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ማሽን ከውጭ የተላከላቸው ሌሎች ሰዎችም ጠይቀውኛል፡፡ ሁሉም ጥያቄውን የሚጀምሩት “የትኛው ይሻላል?” ብለው ነው፡፡ በበኩሌ ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ፤ ይኸውም “ይህን ማሽን ከአምስት ዓመት በኋላም የሚያስታውሰው ማን ነው?” የሚለው ነው፡፡ ለምን እንደዚያ እንደምል ከታች እገልጻለሁ፡፡

መጀመሪያ ማሽኑን መለየት

“አርም” ሲባል የመምህር እርማት የሚመስለው ካለ አይፈረድበትም፡፡ መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኝ የፕሮሰሰር ንድፍ አውጪ ኩባንያ ስም ነው፡፡ ንድፉን ለሌሎች በፈቃድ ይሰጣል፤ እነርሱ ቺፑን ይሠራሉ፡፡ በኪሳችሁ ያለው ሞባይል በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል የዚሁ ቤተሰብ ነው፡፡ ኢንቴልና ኤኤምዲ የሚሠሯቸው የተለመዱት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዲሁ አይሄድም፡፡

በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ሮክቺፕ፣ ሚዲያቴክ፣ ኦልዊነር፣ ኤክሲኖስ ወይም ስናፕድራገን የሚል ካያችሁ ማሽኑ አርም ነው፡፡ ሴሌሮን፣ ፔንቲየም፣ ኮር አይ3 ወይም ራይዘን ካለ አይደለም፡፡ ሻጩ “ኧረ ያው ነው” ቢላችሁ አትመኑት፡፡

ለምን እንደ ተራ ላፕቶፕ አይጫንም?

የጥገና ባለሙያዎች አንድ የዊንዶውስ ፍላሽ ይይዙና ዴልም ይሁን ኤችፒ ወይም ቶሺባ ሁሉም ላይ ይጭናሉ፡፡ ይህ የሚሆነው በተራው ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚያገለግል ነገር ስላለ ነው፡፡ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የምንለው እርሱ ነው፡፡ እንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው “ኪቦርዱ እዚህ፣ ስክሪኑ እዚያ፣ ባትሪው በዚህ በኩል” እያለ ግቢውን ያስጎበኘዋል፡፡

በርካሾቹ የአርም ላፕቶፖች ላይ እንዲህ ያለ ዘበኛ አብዛኛውን ጊዜ የለም፡፡ እንግዳው የግቢውን ንድፍ በእጁ ይዞ መምጣት አለበት፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደመፈለግ ነው፤ “ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው” ብሎ የነገረህ ሰው ከሌለ ቁጥር ብቻውን የትም አያደርስህም፡፡ ያ ንድፍ በባለሙያዎቹ አጠራር “ዲቫይስ ትሪ” ይባላል፤ ለእያንዳንዱ የማሽን ሞዴል ለብቻው ይጻፋል፡፡ ከዚህም ሌላ ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ቡትሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ መሆን አለበት፡፡

እንግዲህ “የሚያስታውሰው ማን ነው?” ያልኩት ለዚህ ነው፡፡ ፋብሪካው ንድፉን ጽፎ ከራሱ ከርነል ጋር አንድ ጊዜ ያወጣውና ወደ ሌላ ምርት ይሄዳል፡፡ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያገኘሁት ሲስተም ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የቀረ ዴቢያን ሲሆን፣ የሚሠራው የቺፑ አምራች ባዘጋጀው 4.4 ከርነል ነበር፡፡ የሊኑክስ 4.4 ከርነል ይፋዊ ጥገና በየካቲት 2022 አብቅቷል፡፡ ማሽኑ ይበራል፣ ቪዲዮ ያሳያል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተገኘው የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ክፍት ነው፡፡ በዚያ ላይ የባንክ ሒሳቧን በኢንተርኔት ልትከፍትበት ነበር፡፡

ደግነቱ የፓይንቡክ ፕሮ ንድፍ በ2020 በወጣው 5.7 ከርነል አማካይነት ወደ ዋናው ሊኑክስ ገብቷል፡፡ ይህ ማለት ፋብሪካው ነገ ቢዘጋ እንኳ የሚቀጥሉት ከርነሎች ማሽኑን ያውቁታል ማለት ነው፡፡ ርካሽ የአርም ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ልታጣሩት የሚገባው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፡፡ ንድፉ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ የሌለ ማሽን የቱንም ያህል ቢረክስ በበኩሌ አልገዛውም፡፡

ምርጫዎቹ

ማንጃሮ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2020 ጀምሮ ፓይንቡክ ፕሮ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት ይመጣ የነበረ ነው፡፡ መልኩ ያማረ ነው፤ ኬዲኢ የተባለው ዴስክቶፕም በ4 ጊጋባይት ራም ላይ ከጠበቅኩት በላይ ይቀላጠፋል፡፡ እኔ ያልወደድኩት አዘማመኑን ነው፡፡ ማንጃሮና የእርሱ አባት የሆነው አርች ቋሚ እትም የላቸውም፤ ያለማቋረጥ ይታደሳሉ፡፡ ሁለት ወር ሳትከፍቱት ቆይታችሁ አድስ ብትሉት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከጊጋባይት በላይ ያወርዳል፡፡ ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ሰው ምንም አይደለም፡፡ በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ተማሪ ግን የወር ወጪውን ይበላዋል፡፡ ካላደሰ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ የፕሮግራሞቹ እትም ይጣረስና አንድ ቀን ነገሩ ሁሉ ይተራመሳል፡፡

ዴቢያን የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ ዴቢያን 13 በነሐሴ 2025 ወጥቷል፤ አንድ እትም 3 ዓመት መደበኛ፣ ከዚያም ወደ 2 ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ጥገና ያገኛል፡፡ በመካከሉ የሚወርዱት እርማቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፡፡ ፕሮግራሞቹ የቅርብ ጊዜ ፋሽን አይደሉም፤ ግን ሊብሬኦፊስ የትናንቱም ቢሆን ደብዳቤ ይጽፋል፡፡ ዴቢያን ለፓይንቡክ ፕሮ የሚሆን የኤስዲ ካርድ ጫኝ ፋይል በራሱ ድረ ገጽ ያቀርባል፡፡ ፋይሉ በሁለት ቁራጭ ነው የሚመጣው፤ አንደኛው የማሽኑን ቡትሎደር የያዘ፣ ሌላኛው ለሁሉም የጋራ የሆነ፡፡ ሁለቱን አገናኝቶ ካርድ ላይ መጻፍ ነው፡፡

አርምቢያን ደግሞ ዴቢያንና ኡቡንቱን ወስዶ ለአርም ማሽኖች ያመቻቸ ፕሮጀክት ነው፡፡ የሚወርደው ፋይል ተጭኖ ያለቀ ስለሆነ ካርዱን ሰክቶ ማብራት ብቻ ነው የሚቀረው፡፡ ራም ሲሞላ መረጃውን አምቆ የሚይዘውን “ዚራም” የተባለውን ብልሃት ገና ከመጀመሪያው ያበራዋል፤ ይህ በ4 ጊጋባይት ማሽን ላይ በግልጽ ይታወቃል፡፡ ነገር ግን ማሽኖቹን በደረጃ ይከፋፍላል፤ አንዳንዶቹን ፕሮጀክቱ ራሱ ይፈትናል፣ ሌሎቹን በጎ ፈቃደኞች ሲመቻቸው ይጠብቋቸዋል፡፡ የእናንተ ማሽን የት እንዳለ ሳታዩ አታውርዱ፡፡

ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲም በዚህ ማሽን ላይ ይሠራሉ፤ ለሚወዳቸው ሰው ምክር አያስፈልገውም፣ ለማያውቃቸው ደግሞ መጀመሪያ ሊኑክስን ይልመድ፡፡

እኔ የመረጥኩት ዴቢያንን ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር ነው፡፡ ራሙን ብራውዘሩ እንዲጠቀምበት ተውኩለት፤ ዛሬ ራም የሚበላው ዴስክቶፑ ሳይሆን የተከፈቱት ድረ ገጾች ናቸው፡፡

ክሮምቡክ የተላከላችሁ

በእርግጥ ከውጭ በብዛት የሚመጣው ርካሽ የአርም ላፕቶፕ ፓይንቡክ ሳይሆን ያገለገለ ክሮምቡክ ነው፡፡ እዚህ ላይ ምክሬ የተለየ ነው፤ በተቻለ መጠን ክሮም ኦኤስን አትንኩት፡፡ ጉግል በ2023 ባወጣው ውሳኔ ከ2021 ጀምሮ ለወጡት ሞዴሎች የ10 ዓመት ማሻሻያ ይሰጣል፡፡ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ክሮም ኦኤስ በሚገልጸው ክፍል ማሻሻያው የሚያበቃበትን ወርና ዓመት ማየት ትችላላችሁ፡፡ ዓመታት የቀሩት ከሆነ ማንም በጎ ፈቃደኛ ከሚያደርግላችሁ የተሻለ ጥገና በነፃ ይደርሳችኋል፡፡

ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፡፡ ብዙዎች ስለ ክሮምቡክ ሲያነቡ የሚያገኙትና ባዮሱን የሚቀይረው የሚስተርክሮምቦክስ ፈርምዌር ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ብቻ ነው፤ አርም ላይ አይሠራም፡፡ ለአርም ክሮምቡኮች ተስፋ የሚሰጠው ፖስትማርኬትኦኤስ የተባለው ፕሮጀክት ነው፤ በርካታ ሞዴሎችን ይደግፋል፡፡ ለዚህ ደግሞ ማሽኑ “ዲቨሎፐር ሞድ” ውስጥ መግባት አለበት፡፡ ከዚያ በኋላ በበራ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ በቆዩት ሞዴሎች ላይ በዚያ ማስጠንቀቂያ ወቅት ስፔስ የተጫነና መመሪያውን የተከተለ ሰው ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል፡፡ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም፡፡

ከሁሉ በላይ ግን ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በጅምላ የወጡ ክሮምቡኮችን ተጠንቀቁ፡፡ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ከመዝገቡ ካላወጣቸው ሲበሩ የትምህርት ቤቱን አካውንት ይጠይቃሉ፤ ፎርማት ብታደርጓቸውም ኢንተርኔት እንዳገኙ ተመልሰው እዚያው ናቸው፡፡ ላኪው ሰው ከመግዛቱ በፊት አብርቶ በራሱ ጂሜይል መግባት መቻሉን ያረጋግጥ፡፡

“አርም ሆኖ ዊንዶውስ ያለው አይቻለሁ” የሚለኝ ሰውም አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፤ ስናፕድራገን ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ ዊንዶውስ 11ም በእነርሱ ላይ ለኢንቴል የተጻፉ ፕሮግራሞችን እያስተረጎመ ያስኬዳል፡፡ በ2012 የወጣውን ሰርፌስ አርቲ ግን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ሲስተሙ የተቆለፈ ነው፣ የዊንዶውስ አርቲ ጥገናም በጥር 2023 ቆሟል፡፡

አጫጫኑ

የመጀመሪያው ሕግ የውስጡን ማከማቻ አለመንካት ነው፡፡ ሲስተሙን ኤስዲ ካርድ ላይ ጽፋችሁ፣ ካርዱን ሰክታችሁ፣ ለጥቂት ቀናት እንደዚያው ሞክሩት፡፡ ካልወደዳችሁት ካርዱን ነቅሎ ሌላ መጻፍ ነው፡፡ ካርዱ ራሱ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ፤ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተለጥፎበት 8 የሚይዝ ካርድ አጋጥሞኝ ግማሽ ሌሊት ማሽኑን ስወቅስ አድሬያለሁ፡፡ “ኤፍ3” የተባለ ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል፡፡

የፓይንቡክ ፕሮ ቺፕ ሲበራ ቡትሎደር የሚፈልገው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ኤስፒአይ በተባለች ትንሽ ቺፕ ላይ፣ ቀጥሎ በውስጡ ማከማቻ፣ በመጨረሻ በካርዱ ላይ፡፡ ስለዚህ አንዳንዴ በውስጥ ያለው አሮጌ ቡትሎደር ቀድሞ ይነሣና አዲሱን ሲስተም አላውቅህም ይለዋል፡፡ ለዚህ መፍትሔ የጀርባውን ክዳን ከፍቶ የውስጡን ማከማቻ የምታጠፋውን ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ መጫን ነው፡፡ ኤስፒአይ ላይ ግን ምን እንደምትጽፉ ሳታውቁ አትጻፉ፡፡ እኔ የሌላ ሰሌዳ ቡትሎደር በስህተት ጽፌበት ማሽኑ እንደ ድንጋይ ቀረ፤ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፡፡ የልጅቱ ንብረት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ላብ አሰመጠኝ፡፡ ክዳኑን ፈትቼ፣ ሲበራ ቺፗ እንዳትነበብ የሰዓት መስመሯን ለአፍታ ከግራውንድ ጋር አገናኝቼ፣ ከካርድ አስነሥቼ የጻፍኩትን እስካጠፋ ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፡፡

ዋይፋዩ የሚሠራው የራሱን ፈርምዌር ፋይል ካገኘ ብቻ ነው፡፡ አሮጌውን ሲስተም ከማጥፋታችሁ በፊት የፈርምዌር ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ አዲሱ ሲስተም ካጣው ከዚያ ትወስዳላችሁ፡፡ እስከዚያው ሞባይላችሁን በገመድ አገናኝታችሁ ዳታውን ማካፈል ትችላላችሁ፡፡ ደግሞ አንድ ነገር፤ በዚህ ላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ ኤፍ10፣ ኤፍ11 እና ኤፍ12 ማይክሮፎኑን፣ ዋይፋዩንና ካሜራውን ከነኃይላቸው የሚያጠፉ ቁልፎች ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ብቻ ይበቃል፡፡ እኔ አንድ ሙሉ ቀን ድራይቨር ስፈልግ ውዬ፣ ለካስ ዋይፋዩን ያጠፋሁት ራሴ ነበርኩ፡፡

አማርኛ መጻፉ አያስቸግርም፡፡ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የኖቶ ግዕዝ ቅርጸ ፊደሎች በዴቢያን ማከማቻ አሉ፡፡ ለመጻፊያ “አይባስ”ን ከ“ኤም17ኤን” ጋር ጭናችሁ ከዝርዝሩ አማርኛ “ሴራ” የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል፡፡ ኪይማንም ለሊኑክስ አለ፡፡ የሚያስቸግረው የድሮው ሰነድ ነው፡፡ ግዕዝ በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ፋይሎች ያለ ራሳቸው ቅርጸ ፊደል ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ፡፡ እንዲህ ያለ ሰነድ ካላችሁ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ወደ ዩኒኮድ አስለውጣችሁ አምጡት፡፡

ከሌሎቹ ነገሮች ዙም ለአርም ሊኑክስ የተዘጋጀ ፕሮግራም የለውም፣ በብራውዘር ግን ይገባል፡፡ ቴሌግራምም እንዲሁ በብራውዘር ይከፈታል፡፡ በኤስፒኤስኤስ ፈንታ ፒኤስፒፒ ወይም አር አለ፡፡ በካኖን አሮጌ ሌዘር ፕሪንተሮች፣ ማለትም ካፕት በተባለው አሠራር በሚሠሩት ላይ አትድከሙ፤ የኩባንያው የሊኑክስ ድራይቨር ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ የተሠራ ነው፡፡ ፒዲኤፍ አድርጎ ፎቶ ኮፒ ቤት መውሰድ ይቀላል፡፡ ማሽኑን አስተኝቶ መሄድም ደካማ ጎኑ ነው፤ ባትሪውን ስለሚጨርስ ዘግቶ መሄድ ይሻላል፡፡ በአንጻሩ በ5 ቮልት፣ በ3 አምፒር ይሞላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ከጠንካራ ፓወር ባንክ በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ቀስ እያለ ስለሚሞላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ፡፡ ዴቢያኑን ጭኜ፣ ፒኤስፒፒውን አሳይቼ፣ ጽሑፏን በሊብሬኦፊስ ጀመረች፡፡ ፒችትሪ ግን ለትምህርቷም ነገ ለምትቀጠርበት መሥሪያ ቤትም ግድ ነው፤ ለኢንቴል የተጻፈውን የሚያስተረጉሙ እንደ ቦክስ64 ያሉ ፕሮግራሞች ቢኖሩም የሰው ሒሳብ የሚያዝበትን ነገር በእነርሱ ላይ አላስቀምጥም፡፡ እውነቱን ነገርኳት፡፡ እናቷ ጥቂት ጨምራ አንድ ያገለገለ ባለ ኢንቴል ዴል ገዛችላት፡፡ ፓይንቡኩን አሁን የያዘው ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ወንድሟ ነው፤ ፓይተን እየተማረበት ነው፡፡ የሚነሣበትን ኤስዲ ካርድ ቅጂ በፖስታ አሽጌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ፡፡